በዝዋይ ሐይቅ ዳር ስላየናት ዳማ ድንቢጥ

ከወፎች ሁሉ በዋጋ ዝቅተኛዪቱ ድንቢጥ ናት። ወንጌልን ያነበበ ሰው ይህን ያውቃል፤ በማቴዎስ ዘንድ ሁለቱ ድንቢጦች በአንዲት ትንሽ ገንዘብ ሲሸጡ፥ በሉቃስ ዘንድ ግን በሁለት ገንዘብ አምስት ይሰጣሉና፥ ሒሳቡን ያሰላሰለ እንደ ሆነ አምስተኛዪቱ በገበያችን ቋንቋ ምርቃት መሆኗን ያስተውላል። የነገሩም ምሥጢር ይህች በነጻ የተጨመረችው እንኳ በፈጣሪዋ ዘንድ ያልተረሳች መሆኗ ነው። እኛ ሰዎች ግን ከጣራችን ሥር ተጠግታ ስትኖር፥ ከደጃችን የወደቀውን ጥሬ ስትለቅም፥ ማለዳም በጫጫታዋ ስትቀሰቅሰን ዕድሜያችንን ሙሉ እያየናት፥ ምን ዓይነት ድንቢጥ ናት ብለን የጠየቅንበት ቀን እጅግ ጥቂት ነው።

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ መልካም ምክር ሲጻፍ እናነባለን። እኛም በበኩላችን በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከቤተ ሰባችን ጋራ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ወርደን ስላየናት አንዲት ድንቢጥና፥ ከእርስዋም የተነሣ በቤታችን ስለ ተደረገው ነገር ለአንባቢዎች መንገር ወደድን።

ሥራችን የችሎት ጸሐፊነት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ምስክሮች ሲናገሩ ቃላቸውን ስንጽፍ ኖረናል። ምስክር ቀርቦ በቆመ ጊዜ ዳኛው አስቀድሞ የሚመረምረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰውዬው የሚናገረው በዓይኑ ያየውን ነው ወይስ ከሌላ የሰማውን የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ምክንያት ብዙ ረዥም ቃል አጥሮ ሲቀር አይተናል። "አጥሩን ሲያፈርስ አይቻለሁ" ያለ ሰው ጥቂት ቢመረመር፥ የፈረሰ አጥር ማየቱ እንጂ አፍራሹን አለማየቱ ይገለጣል። ይህም ሁልጊዜ ሰውዬው ዋሾ ሆኖ አይደለም፤ ዓይን ጥቂት ባየ ጊዜ ልብ ከግምቱ ብዙ ስለሚጨምርበት ነው እንጂ። ወፍ የሚመለከት ሰውም በዚሁ ፈተና ያልፋል። ወፊቱ በቅጠል መካከል ለዓይን ጥቅሻ ያህል ትታያለች፤ ተመልካቹም የቀረውን በምኞቱ ይሞላዋል።

በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን፥ በኦሪት ዘሌዋውያንና በኦሪት ዘዳግም የተቈጠሩትን የወፎች ስም በቃላችን አጥንተን ነበር፤ ጭልፊትን፥ ጉጉትን፥ ይብራን፥ ሽመላን፥ ሳቢሳን በአንድ ትንፋሽ እንጠራ ነበር። ዳሩ ግን ሳቢሳ ይህች ናት ብሎ በጣቱ ያሳየን ሰው አልነበረም። በጥንት ዘመን ከጽርዕ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍም ስለ አራዊትና ስለ አእዋፍ ጠባይ ይናገራል፤ ሐሳቡ ግን ከፍጥረት ጠባይ ለነፍስ የሚጠቅም ምሳሌ ማውጣት ነው እንጂ፥ ወፊቱን በመስክ ለይተን እንድናውቃት አይደለም። ኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ፥ በየሳምንቱ ወደ ወንዝ ዳር የሚያወጡን አንድ መምህር ነበሩ። እያንዳንዳችን አንዲት ወፍ መርጠን ሩብ ሰዓት ያህል በዝምታ እንድናያት፥ ከዚያም ያየነውን ብቻ እንድንጽፍ ያዝዙን ነበር። "ቆንጆ ወፍ" ብሎ የጻፈ ተማሪ ወረቀቱ ይመለስበት ነበር፤ "ምንቃሯ አጭርና ወፍራም፥ እግሯም ቀይ ነው" ብሎ የጻፈ ግን ይመሰገን ነበር። እንግዲህ ከፊተኛው ትምህርት ቤት ስሙን፥ ከኋለኛው ማየቱን አገኘን፤ ሁለቱንም እናመሰግናለን።

ስለ ወራቱም ጥቂት መናገር ይገባናል። ብዙ ሰው ጸደይ ሲባል መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ የሚፈነዳበትን ጊዜ ያስባል። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው መጸው ይባላል፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ወራት ነው። ወፍ ለሚመለከት ሰውም ይህ አቈጣጠር እጅግ የተስማማ ነው። በዚህ ጊዜ በስምጥ ሸለቆ የበልግ ዝናብ ጠብ ይላል፤ ግራሩ ቅጠል ያወጣል፤ የአገሩም ወፎች ጎጆ መሥራት ይጀምራሉ። እንደዚሁም የኤውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው በአገራችን የከረሙት ወፎች ወደ ሰሜን የሚመለሱበት ጊዜ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ሽመላ ጊዜዋን ማወቋን ጠቅሶ ሕዝቡን የወቀሰው በከንቱ አይደለም። ጭራዋ እንደ መቀስ የተሰነጠቀውና በጎተራና በቤት ጣራ ሥር በጭቃ ጎጆ የምትሠራው ትንሽ ወፍ ክብደቷ 20 ግራም ያህል ብቻ ሲሆን፥ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በርራ ወደ ተወለደችበት አገር ትመለሳለች። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም ለነዚህ መንገደኞች ስንቅ የሚይዙባቸው ማረፊያዎች ናቸው።

ዝዋይ ሐይቅ፥ በአገሩ አጠራር ደንበል፥ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ በዳርቻው ያለችውም ከተማ ዛሬ ባቱ ትባላለች። ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። መቂና ከታር የተባሉት ወንዞች ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። በውስጡ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ከነዚህም ትልቋ ቱሉ ጉዶ ስትሆን የደብረ ጽዮን ገዳም ያለባት ናት፤ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዳ በዚያ ተሸሽጋ ነበር የሚል ትውፊትም አለ። የሐይቁ ውኃ ጥልቀቱ ጥቂት ስለ ሆነ፥ በዳርቻው ፊላና ደንገል በብዛት ይበቅላል፤ ለወፎችም መብልና መጠጊያ ይሆናል።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፥ ሚያዝያ 17 ቀን ዓርብ ማታ ደርሰን አደርን፤ በማግሥቱ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት በሐይቁ ዳር ነበርን። አብረውን የነበሩት ባለቤታችን፥ የ9 ዓመት ሴት ልጃችንና የእኅታችን ልጅ የ12 ዓመት ብላቴና ናቸው። ይህ ብላቴና ከእኛ ዘንድ መኖር ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። አባቱ በሞቱ ጊዜ የአባቱ ዘመዶች እናቱን ከቤትዋ አስወጥተው ቤቱን ያዙት፤ እኅታችንም አንዲት ክፍል ተከራይታ ስትቀመጥ፥ ልጁን ትምህርቱ እንዳይቋረጥበት ለእኛ ሰጠችን። ነገሩ በፍርድ ቤት ነው። እኛ በምንሠራበት ችሎት የሚታይ አይደለም፤ ቢሆን ኖሮም መዝገቡን በእጃችን አንነካውም ነበርና፥ ስለ ክርክሩ ፍሬ ነገር በዚህ አንጽፍም። ብላቴናው ግን ከዚያ ወዲህ ቃሉ ያነሰ፥ ወንጭፍም ከኪሱ የማይለይ ሆኖ ነበር።

ፀሐይ በወጣች ጊዜ በሐይቁ ላይ ያየነውን ሁሉ ብንጽፍ ገጹ አይበቃም። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲያራግፉ አባ ኮዳዎች ራሰ በራቸውን ደፍተው እንደ ደጅ ጠኚ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው ዓሣ አውጭ ንስር ከግራር ጫፍ ሆኖ ይጮኽ ነበር። በጣም ረዣዥም ጣት ያላት ወፍ በውኃው ላይ በተንሳፈፈው ቅጠል ላይ እንደ ምንጣፍ ትራመድበት ነበር። ጭራቸውን ዘወትር የሚያወዛውዙት ደረተ ቢጫ ወፎች ከከብቶች እግር ሥር ዝንብ ይለቅሙ ነበር፤ እነዚህም ወደ ሰሜን ለመብረር ስንቃቸውን በሰውነታቸው የሚያከማቹ መንገደኞች ናቸው። ሴት ልጃችን እስከ 2 ሰዓት ድረስ 23 ዓይነት ቈጥራ ጻፈች፤ ስማቸውን የማታውቀውንም "ረዥም እግር" "ጥቁር ክንፍ" እያለች መዘገበች።

ከዳርቻው ጥቂት ራቅ ብሎ፥ ወደ ውኃው የዘነበለ አንድ የግራር ዛፍ ነበረ። በእርሱም ላይ ቢጫ ሸማኔ ወፎች ከአርባ የሚበልጥ ጎጆ ሰቅለው ነበር። ሸማኔ ወፍ የምትባለው ሣርን በምንቃሯ እየሰነጠቀች፥ እያጠላለፈችና እየቋጠረች እንደ ቅርጫት አድርጋ የምትሠራዪቱ ናት፤ አብዛኛውንም ሥራ የሚሠራው ወንዱ ነው። ጎጆው ሴቲቱን ካላስደሰታት ትታው ትሄዳለች፤ እርሱም አፍርሶ ወይም ትቶ ሌላ ይጀምራል። በዚህ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ስናይ ብላቴናው ቀስ ብሎ፥ "ጋሼ፥ ከቢጫዎቹ መካከል አንዲት ቀይ አለች፤ ድንቢጥ ትመስለኛለች" አለ።

እኛም እንደ ሥራችን ልማድ ልንመረምረው ጀመርን። "ከቢጫዎቹ ታንሳለች ወይስ ትበልጣለች?" "ታንሳለች፤ በጣም ትንሽ ናት።" "ራስዋ ምን ዓይነት ነው?" "ከሰውነቷ ጋራ አንድ ነው፤ እንደ ዳማ ፈረስ።" "ምንቃሯስ?" "አጭር ነው፤ ጥቁር ይመስለኛል።" "ዓይኗስ?" በዚህ ጊዜ ጥቂት አሰበና፥ "ዓይኗን አላየሁም" አለ። ከመልሶቹ ሁሉ ደስ ያሰኘን ይህ የመጨረሻው ነው። ያላየውን አላየሁም የሚል ምስክር፥ አየሁ ያለው ሁሉ ይታመንለታልና።

ከዚያም ሩቁን በሚያቀርበው መነጽር ሦስታችንም በየተራ ተመለከትን። ወንድ ወፍ ነበር። ከራሱ እስከ ጭራው ሥር የጠለቀ ዳማ ቀለም ነው፤ ክንፉና ጭራው ብቻ ወደ ጥቁር ያደላል። ርዝመቱ የአዋቂ ሰው አንድ መካከለኛ ጣትን ጥቂት ይበልጥ እንደ ሆነ ነው። በአዲስ አበባ ጣራ ላይ የምናያት የተለመደችው ድንቢጥ አይደለችም፤ የእርስዋ ራስ ግራጫ ነው፥ አካልዋም ይበልጣል። ያችኛዪቱን ድንቢጥ በኤውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ያስታወቃት፥ በ1830ዎቹ ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር ወደ አገራችን መጥቶ እስከ ጎንደር የደረሰው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ደግሞም ዳማ ቀለም ያላት አንዲት ሸማኔ ወፍ አለች፤ ነገር ግን የእርስዋ ወንድ ራሱ ጥቁር ነው፥ ሰውነቱም የተለቀ ነው። ይዘነው የሄድነውን ባለ ሥዕል የወፎች መጽሐፍ ገልጠን እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ካስወገድን በኋላ የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። ባለቤታችን ለብቻዋ፥ ብላቴናውም ለብቻው፥ እኛም ለብቻችን አይተን ቃላችን አንድ ሆነ፤ በሦስት ምስክርም ነገሩ ጸና።

ይህች ድንቢጥ በሊቃውንት መዝገብ ፓሰር ኤሚኒቤይ ትባላለች። በ1880 ዓመት በኤውሮፓ አቈጣጠር ጉስታቭ ሃርትላውብ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ይህን ስም ያወጣላት፥ በዚያን ጊዜ በደቡብ ሱዳን በኩል አገር ገዥ ለነበረውና ወፎችን ይሰበስብ ለነበረው ለኤሚን ቤይ መታሰቢያ እንዲሆን ነው፤ እርሱም ኋላ ኤሚን ፓሻ የተባለው ሐኪም ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ በሱዳን፥ በደቡብ ሱዳን፥ በዩጋንዳ፥ በኬንያና በታንዛኒያ ትገኛለች። ከድንቢጥ ወገን ሁሉ ታናሽዋ ይህች ናት፤ ርዝመትዋ 11 ሴንቲ ሜትር፥ ክብደትዋም 13 ግራም ያህል ነው። ዝናብንና የሣር ፍሬን ተከትላ ከስፍራ ወደ ስፍራ ስለምትዘዋወርም፥ ዓምና የታየችበት ስፍራ ዘንድሮ ላትገኝ ትችላለች። ስለዚህ ማየታችን ዕድል ነው አልን።

ነገር ግን ደስታችን ብዙ ሳይቆይ ሌላ ነገር መጣ። ወንዱ ድንቢጥ ከአንድ አዲስ ጎጆ አጠገብ ቆሞ ክንፉን ከፍ አድርጎ እያርገበገበ ያለ ማቋረጥ ይጮኽ ጀመር። የጎጆው ባለቤት ሸማኔ ወፍ ሊገባ ሲመጣ ይጋፋዋል፤ ሲርቅ ወደ ጎጆው አፍ ይጠጋል። ሸማኔው አራት አምስት ጊዜ ተመላልሶ በመጨረሻ ሄደ። ጥቂት ቆይቶም ግራጫ ቀለም ያላት ሴቲቱ ድንቢጥ መጥታ ወደ ጎጆው ገባች። ዳማ ድንቢጥ ራስዋ ጎጆ መሥራት ብትችልም፥ ብዙውን ጊዜ የሸማኔ ወፎችን ጎጆ፥ አንዳንዴ ባዶ የቀረውን፥ አንዳንዴም ባለቤት ያለበትን እንደምትይዝ ወፎችን የመረመሩ ሊቃውንት ጽፈዋል። እኛም ይህንኑ በዓይናችን አየን።

ዘወር ስንል ብላቴናው ወንጭፉን አውጥቶ ድንጋይ አግብቶበት ነበር። ፊቱ ተለውጧል። እጁን ያዝነው። "ጋሼ፥ ቤቱን ቀማው እኮ! እርስዎም አይተዋል!" አለን። ባለቤታችን ልትናገር ፈልጋ ዝም አለች። እኛም፥ ወፍ ነው ተወው፥ ብንለው ነገሩን እንዳቃለልንበት አወቅን፤ ልጁ የሚያየው ዛፉን ብቻ አልነበረምና። ስለዚህ፥ "አይተናል፤ ምስክር ነን። ነገር ግን ምስክር ነገሩ ሳይፈጸም ከስፍራው አይነሣም። ተቀመጥና እስከ መጨረሻው እንይ" አልነው። ድንጋዩን አልጣለውም፤ ግን ተቀመጠ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። የተባረረው ሸማኔ ወፍ በዚያው ዛፍ በሌላ ቅርንጫፍ ላይ ታየ። በምንቃሩ አንድ ረዥም እርጥብ ሣር ይዞ መጥቶ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ጠመዘዘው፤ ሄዶ ሌላ አመጣ፤ ቋጠረው። ከፊላው ወደ ዛፉ፥ ከዛፉ ወደ ፊላው ሲመላለስ ሴት ልጃችን እስከ አሥራ ሰባት ቈጠረች። እኛ ከስፍራው ከመነሣታችን በፊት የአዲሱ ጎጆ ቀለበት ተጀምሮ ነበር። ብላቴናው ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ሲያይ ቆይቶ፥ "እሱስ ነገ ይጨርሰዋል፤ እናቴ ግን እንዲህ ማድረግ ትችላለች?" ብሎ ጠየቀን።

ይህ ጥያቄ በሥራችን ዘመን ከሰማናቸው ጥያቄዎች ሁሉ የከበደ ነው። እንዲህ ብለን መለስንለት፤ "አትችልም። አባትህና እናትህ ያንን ቤት የሠሩት በአንድ ጧት በተለቀመ ሣር አይደለም፤ ስንት ዓመት ደክመውበታል። ወፍ የተወሰደበትን በሳምንት ውስጥ መልሶ ይሠራል፤ ሰው ግን አይችልም። ለሰው ሕግና ዳኛ የተሠራለት ስለዚህ ነው። ይህችን ድንቢጥ በድንጋይ ብትመታት የምትቀጣው ሕግ የሌላትን ነው፤ ሕግ ያለውን የሚዳኘው ግን ድንጋይ አይደለም።" ብላቴናውም ጥቂት አስቦ፥ "ዳኛው ይቆያል እንጂ" አለ። እኛም፥ አዎን ይቆያል፥ አልነው። ይህን እንክድ ዘንድ አንችልም፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብ በየቀኑ የምንጽፈው እኛው ነንና። ዝም ብለን ጥቂት ተቀመጥን፤ ከዚያም ድንጋዩን ወደ ውኃው ወረወረው።

በዚህ ነገር ላይ ለአንባቢዎች አንድ ሐሳብ እንጨምራለን። ጉልበተኛ ሰው የደካማውን ገንዘብ በወሰደ ጊዜ፥ ከፍጥረት ምሳሌ እየጠቀሰ፥ ትልቁ ዓሣ ትንሹን ይውጣል፥ የዱሩም ሥርዓት ይኸው ነው ሲል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህ ግን ወፍን ሳያዩ ስለ ወፍ መናገር ነው። ድንቢጢቱ ጎጆ ብትይዝ ለአንድ ወቅት ጫጩት ታሳድግበታለች እንጂ ሁለተኛና ሦስተኛ ጎጆ አትሰበስብም፤ ሸማኔውም በዚያው ዛፍ ላይ ሌላ ሠርቶ ዘሩን ይተካል። ሰው ግን ለዘለዓለም ይወስዳል፥ ለልጅ ልጁም ያወርሳል። ስለዚህ ወፍ ለሰው በደል ምሳሌ ሆና ልትጠራ አይገባም። ለሰው የተጻፈው ሌላ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 842 የሟች ልጆች አስቀድመው ለውርስ እንዲጠሩ ይደነግጋል፤ ባልና ሚስት በጋብቻ ያፈሩትም ሀብት የጋራቸው ነው። ይህን የማታውቅ ባልቴት ግን ከሬሳ ሣጥኑ በኋላ ቤትዋም ሲወጣባት፥ የዘመድ ወግ ነው ብላ ዝም ትላለች። በየቤታችን ያለን አባቶች ሁሉ ለልጆቻችንና ለእኅቶቻችን ይህን አስቀድመን ብንነግራቸው ከብዙ ልቅሶ በዳኑ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ብላቴናው ደብተሩን ይዞ መጣና ስለ ድንቢጢቱ የጻፈውን አሳየን። ገጹን በሁለት ከፍሎ፥ በአንድ ወገን "ያየሁት" በሌላው ወገን "የሰማሁት" ብሎ ነበር። ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ዛፉን፥ የወፎቹን ብዛት በፊተኛው ወገን አስፍሮ፥ ከመጽሐፍ ያነበብንለትን በሁለተኛው ወገን ጽፎታል። በሌላ ቀን ደግሞ ከደብተሩ መጨረሻ ባሉት ገጾች በዚያው ሥርዓት ሌላ ነገር ጽፎ አገኘነው። ስለ ቤታቸው ነበር። "ያየሁት" ባለው በኩል የክፍሎቹን ቍጥር፥ አባቱ አጥሩን ያሠሩበትን ክረምት፥ በጓሮ የተከሉትን የጌሾ ተክል፥ ዘመዶቹ የመጡበትን ቀንና በር ላይ የቆሙትን ሰዎች ጽፏል፤ "የሰማሁት" ባለው በኩል እናቱ የነገረችውን ለይቶ አስቀምጧል። ከአንድ ቃል ላይ ሰርዞ ወደ ሁለተኛው ወገን አዛውሮታል። እኛም ምንም ሳናርም፥ አንዲትም ቃል ሳንጨምር፥ ለእናቱ ስጣት አልነው። ፍርድ ቤት ይቀበለው ወይም አይቀበለው የዳኞች ነገር ነው፤ ልጁ ግን ወንጭፉን ለባለቤታችን አስረክቦ መነጽሩን ከእኛ ተቀብሏል።

ስለ ሐይቁም ሳንናገር አናልፍም። የዝዋይ ውኃ ለመስኖ፥ ለአበባ እርሻና ለከተማው መጠጥ በብዛት ይቀዳል። ከእርሱ በታች ያለው አብያታ ሐይቅ ወደ እርሱ የሚወርደው ወንዝ እየቀነሰና ከራሱም ውኃ ለሶዳ ሥራ እየተቀዳ ከብዙ ዓመታት ወዲህ ከዳርቻው እጅግ ሸሽቷል። ፊላው ከታጨደና ግራሩ ለከሰል ከተቈረጠ፥ ሸማኔ ወፍ የምትሸምነውንና የምትሰቅልበትን ታጣለች፤ ሸማኔ ከሌለችም ዳማ ድንቢጥ ማረፊያ አይኖራትም። ባለ ሥልጣንና ባለ ርስት የሆኑ አንባቢዎቻችን ስለ ውኃና ስለ ደን ምክር በሚቀመጡበት ጊዜ ይህንን ቢያስቡ መልካም ነው።

ልጆቹን ወፍ ወደ ማየት ሊመራ የሚወድ ሰው ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። ፀሐይ ስትወጣ ወይም ልትጠልቅ ስትል መውጣት፤ ነጭና አንጸባራቂ ልብስ አለመልበስ፤ ከጎጆ መራቅ፥ ዕንቍላልም አለመንካት፤ ዝም ማለት፤ ወፊቱ ሳትሸሽ ቁመትዋን፥ ምንቃሯን፥ የራስዋንና የክንፍዋን ቀለም፥ አካሄድዋን በተራ መመልከት፤ ከዚያም ወዲያው በስፍራው መጻፍ ይበቃል። መጀመሪያ ወደ ሩቅ ሐይቅ መሄድም ግድ አይደለም፤ ከገዛ ጣራችን ሥር ካለችው ግራጫ ራስ ድንቢጥ መጀመር ይቻላል። ማታም በማዕድ ዙሪያ ልጆቻችንን፥ ዛሬ ምን አያችሁ፥ ብለን እንጠይቃቸው፤ ሲነግሩንም፥ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው፥ ብለን በትዕግሥት እንመርምራቸው። አላየሁም ለሚለውም ልጅ እንደ አየው ሁሉ ምስጋና እንስጠው።